“አረፍ በይ” የሚለው ማዘዣ፦ የክርን ሕመምና የሕክምናው ታሪክ



ከእጁ ሥራ የሚኖር ሰው ክርኑን የሚያስታውሰው ሲያመው ብቻ ነው። በማኅበራችን ውስጥ እንጀራ ጋግረን የምንሸጥ፣ ልብስ የምናጥብ፣ ጥጥ የምንፈትል፣ ስፌት የምንሰፋ፣ ጸጉር የምንሠራ አለን። ሥራችን ይለያይ እንጂ ብዙዎቻችንን የሚያገናኝ አንድ ሕመም አለ። ከክርን ውጭኛው ጎን ተነሥቶ ወደ እጅ አንጓ ይወርዳል፤ ማሰሮ ሲያነሡ ይወጋል፣ ጨርቅ ሲጨምቁ ያቃጥላል፣ ሲብስበትም የቡና ስኒ እንኳ ከእጅ ያስጥላል።

ስለዚህ ሕመም ስንነጋገር አንዷ “መርፌ ተወግቼ ዳንኩ” ትላለች፤ ሌላዋ “እኔም ተወግቼ ነበር፣ ከወራት በኋላ ብሶ ተመለሰብኝ” ትላለች፤ ሦስተኛዋ ወጌሻ አሽቷት እንደተሻላት ትናገራለች። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ለምን እንዲህ እንደሚለያይ ለመረዳት ግን የሕክምናውን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ባለን ትንሽ ገንዘብ የቱን ሕክምና እንግዛ የሚለው ጥያቄ ለእኛ የኑሮ ጥያቄ ነውና ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። አዋጅ ከጠቀስንበት ቦታ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

“ሥራሽ ምንድን ነው?”

ሥራ ሰውን እንደሚያሳምም ሠራተኛው ሁልጊዜ ያውቅ ነበር። ሐኪሞች ግን ለረጅም ዘመን አልጠየቁም። ይህን የለወጠው በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። በሞዴና ከተማ ሲኖር አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ ጠራጊ እቤቱ ሲሠራ ተመለከተና ለምን እንዲያ እንደሚቸኩል ጠየቀው። ሰውየውም ጉድጓዱ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ዓይኑን እንደሚያጣ ነገረው። ራማዚኒ ከዚያ ወዲያ ወደ ሠራተኞች መንደር እየሄደ መጠየቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1700 የሠራተኞችን በሽታ የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ፤ ከ40 በላይ ሙያዎችን በየተራ የሚያነሣ ነው። በውስጡ የማዕድን ቆፋሪዎችና የአንጥረኞች ብቻ ሳይሆን የልብስ አጣቢ ሴቶች፣ የአዋላጆች፣ የጡት አጥቢ ሞግዚቶችና የዳቦ ጋጋሪዎች ጣጣም ይገኛል።

ራማዚኒ ስለ ጸሐፊዎች ሲናገር ሕመማቸውን ከሦስት ነገር ያገናኘዋል፦ ሁልጊዜ መቀመጥ፣ እጅን ሳያቋርጡ በአንድ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ፣ የአእምሮ ጭንቀት። ዛሬ የእጅና የክርን ሕመም ሲመረመር የሚነሣው የተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ጉዳይ ከ300 ዓመት በፊት እንዲህ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ራማዚኒ ለሐኪሞች የተወው ትልቁ ምክር ደግሞ አጭር ነው፤ በሽተኛውን ሌላውን ሁሉ ከጠየቃችሁ በኋላ ሥራው ምን እንደሆነ ጨምራችሁ ጠይቁ የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀች ሴት ዛሬም ከሐኪም ቤት ማስታገሻ ብቻ ይዛ ትወጣለች።

ስሙን ያገኘው ከጨዋታ ነው

እ.ኤ.አ. በ1873 ሩንገ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ብዙ በመጻፍ የሚመጣን የክርን ውጭኛ ጎን ሕመም ገለጸ። በሕክምና መጻሕፍት የዚህ ሕመም የመጀመሪያ መግለጫ ተብሎ የሚጠቀሰው የእርሱ ነው። ሕመሙ ግን “የጸሐፊ ክርን” ተብሎ አልቀረም። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር የሣር ሜዳ ቴኒስ ፋሽን ሆነ፤ የዊምብልደን ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። በ1882 ሄንሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ስለ “ቴኒስ ክንድ” ጻፈ፤ በ1883 ደግሞ “የቴኒስ ክርን” የሚለው ስም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታየ። ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ቴኒስ ከመፈጠሩ በፊት ሴቶች ለዘመናት ልብስ ጨምቀዋል፣ ሊጥ አቡክተዋል፣ በድንጋይ ወፍጮ ፈጭተዋል፣ በሙቀጫ ወቅጠዋል። ክርናቸውም ታሟል። ስም የወጣለት ግን ሀብታሞች በሜዳ ላይ ሲጫወቱ ሲታመሙ ነው። ዛሬም ይህ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም። ሴቶች አጣቢዎች ስማቸውን ያተረፉት በሌላ ሕመም ነው፤ ፍሪትዝ ደ ኬርቫን የተባለው የስዊዘርላንድ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 የገለጸው የአውራ ጣት ሥር ጅማት ሕመም በአንዳንዶች ዘንድ “የአጣቢ ሴት ወለምታ” ይባል ነበር።

የስሙ ነገር የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕመሙ የጨዋታ ሕመም ተብሎ ሲታሰብ መድኃኒቱም ቀላል ይመስላል፦ ጨዋታውን ለጥቂት ጊዜ መተው። እንጀራዋን ከእጇ ለምታገኝ ሴት ግን መተው የሚባል ነገር የለም። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለሳለን።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

እጃችን አንድን ነገር አጥብቆ ሲይዝ ጣቶች ብቻቸውን አይሠሩም። የእጅ አንጓ ወደ ታች እንዳይታጠፍ ከክንድ ጀርባ ያሉ ጡንቻዎች ደግፈው ይይዙታል። የእነዚህ ጡንቻዎች ጅማት የሚያያዘው ከክርን ውጭኛው ጎን ባለችው የአጥንት ጉብታ ላይ ነው። ስለዚህ ጨርቅ በጠመዘዝን፣ ድስት መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ባነሣን፣ መቀስ ወይም መርፌ ለሰዓታት በያዝን ቁጥር ያች ትንሽ ቦታ ትጎተታለች። የሥራው ጫና ጅማቱ ራሱን ከሚጠግንበት ፍጥነት ሲበልጥ ሕመም ይጀምራል። በብዛት የሚታየውም ከ35 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ሰው ቤተሰብ በሚያስተዳድርበት ዘመን ነው።

አራት ሴቶች ያቆሙት ማኅበር

ለክርን ሕመም ዛሬ በቅድሚያ የሚመከረው ፊዚዮቴራፒ ነው። ይህ ሙያ እንዴት እንደተመሠረተ ስናነብ እንደ ሴቶች ማኅበር ልባችን ተነክቷል።

እ.ኤ.አ. በ1894 በለንደን የማሸት ሕክምና ስሙ ክፉኛ ጠፍቶ ነበር። አንዳንድ “የማሳጅ ቤቶች” የሴተኛ አዳሪነት ሽፋን ሆነው በመገኘታቸው ነገሩ በሕክምና መጽሔት ላይ ሳይቀር ወጣ። በዚህ መካከል በቅን ሙያቸው የሚኖሩ ነርሶችና አዋላጆች አብረው ተጠረጠሩ። ሉሲ ሮቢንሰን፣ ሮዛሊንድ ፓጌት፣ ኤልዛቤት ማንሊና ማርጋሬት ፓልመር የተባሉ አራት ሴቶች ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። የሠለጠኑ አሻሾችን ማኅበር አቋቋሙ፤ ደንብም አወጡ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንንም አለማሸት፣ ከሕክምና ጋዜጦች በቀር ማስታወቂያ አለማውጣት፣ ለበሽተኛ መድኃኒት አለመሸጥ ከደንቦቹ መካከል ነበሩ። ፈተናም አዘጋጁ፤ ፈተናውን ያለፈችው ብቻ የምስክር ወረቀት ታገኝ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እጅና እግራቸው የተጎዳ ወታደሮች በብዛት ሲመጡ የእነዚህ ሴቶች ሙያ ተፈላጊ ሆነ። በ1920 ማኅበሩ የንጉሥ ቻርተር አገኘ፤ በ1944 ደግሞ ዛሬ የሚጠራበትን የፊዚዮቴራፒ ማኅበር የሚል ስም ያዘ። በአሜሪካም እንዲሁ በ1921 የሙያው ማኅበር ሲቋቋም ስሙ ራሱ የሴቶች ማኅበር መሆኑን ይናገር ነበር፤ የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበርም ሜሪ ማክሚላን ነበረች። ሥልጠና፣ ደንብና ኅብረት ሲገናኙ የተናቀ የእጅ ሥራ ወደ ተከበረ ሙያ እንደሚለወጥ ከእነርሱ እንማራለን።

የመጎተት፣ የመቁረጥና የመርፌ ዘመን

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች ስለ ክርን ሕመም መንስኤ አልተስማሙም። እያንዳንዱ የራሱን መላ ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ሚልስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የእጅ አንጓን አጥፎ ክርኑን ባንድ ጊዜ የመዘርጋት ዘዴ አቀረበ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1933 ጀርመናዊው ሆማን ጅማቱን ከአጥንቱ ላይ በቀዶ ሕክምና ማላቀቅን ገለጸ። በ1936 ጄምስ ሲሪያክስ የተለያዩትን አስተያየቶች ሰብስቦ መረመረ፤ ጅማቱን በጣት ጫፍ በመስቀልያ አቅጣጫ አጥብቆ በማሸት ዘዴውም በኋላ ታወቀ።

ከዚያ ኮርቲዞን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ መገጣጠሚያዋ በሪህ ተይዞ መራመድ ላቃታት አንዲት ወጣት ሴት ይህ መድኃኒት ተሰጣት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም መራመድ ቻለች። ዓለም ተደነቀ። በ1950 ፊሊፕ ሄንች፣ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴዎስ ራይክስታይን የኖቤል ሽልማት አገኙ። ወዲያው ሐኪሞች የዚህን መድኃኒት ዘመድ በመርፌ ወደ ታመመው መገጣጠሚያና ጅማት መስጠት ጀመሩ። ለክርን ሕመምም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ዋናው ሕክምና እርሱ ሆነ። በሽተኛው በቀናት ውስጥ ስለሚሻለው ሐኪሙም በሽተኛውም ደስ ይላቸው ነበር።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ጥርጣሬ አስነሡ። የመጀመሪያው በ1979 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሮበርት ነርሽልና ባልደረባው ያሳተሙት ጥናት ነው። በቀዶ ሕክምና የወጣውን ጅማት በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የተጠበቀውን መቆጣት ሳይሆን የተበላሸና በሥርዓት ያልተጠገነ ጅማት አገኙ። ስቴሮይድ የሚያበርደው መቆጣትን ነው፤ ችግሩ ያልጠገነ ጅማት ከሆነ ግን ማብረዱ ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛው በሽተኞችን ለአንድ ዓመት የተከታተሉ ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድ 185 በሽተኞች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን መርፌ፣ ሁለተኛው ፊዚዮቴራፒ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምክር ብቻ ተሰጥቶት እንዲጠብቅ ተደረገ። ከ6 ሳምንት በኋላ የተሳካለት ከመርፌው ቡድን 92 በመቶ፣ ከፊዚዮቴራፒው 47 በመቶ፣ ከጠባቂው 32 በመቶ ነበር። ጥናቱ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ መርፌው አሸነፈ ይባል ነበር። ከ52 ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ መርፌ 69 በመቶ፣ ፊዚዮቴራፒ 91 በመቶ፣ መጠበቅ 83 በመቶ። በ2013 በአውስትራሊያ በ165 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም የስቴሮይድ መርፌ ከተወጉት 54 በመቶ ሲያገረሽባቸው፣ መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት ያገረሸባቸው 12 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ።

እንግዲህ “ዳንኩ” ያለችውም “ብሶ ተመለሰብኝ” ያለችውም እህታችን የተናገሩት የአንድ ታሪክ ሁለት ምዕራፍ ነው። መርፌው ሕመሙን ያስረሳል፤ ሕመሙን የረሳች ሴት ወደ ልብስ ገንዳዋ ትመለሳለች፤ ያልጠገነው ጅማት እንደገና ይጎተታል። ይህ የሴትየዋ ጥፋት አይደለም።

በአገራችን፦ ወጌሻና ዋግምት

እኛ ዘንድ ክርን ሲያም በመጀመሪያ የሚታሰበው ወጌሻ ነው። በቅቤ ማሸት፣ በሙቅ ጨርቅ መተኮስ፣ ዋግምት መሳብ፣ በጋለ ብረት መተኮስ ከአያቶቻችን የወረስናቸው ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ሙቀትና ለስላሳ ማሸት ሕመምን ለጊዜው ያስታግሳሉ፤ የወጌሻዋ ረጋ ያለ ንግግርም በሽተኛን ያጽናናል። በጋለ ብረት መተኮስና ቆዳ መብጣት ግን ቁስልና ኢንፌክሽን ከማምጣት በቀር ለጅማቱ የሚያደርጉለት ነገር የለም። ከሁሉ የሚያስፈራው ከወደቁ በኋላ የተጎዳን ክርን አጥብቆ ማሰር ነው። ደም እንዳያልፍ ተደርጎ የታሰረ እጅ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል፤ በተለይ በልጆች ላይ። ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከቀዘቀዙ ማሰሪያው ወዲያው መፈታት፣ በሽተኛውም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ዛሬ ያሉን አማራጮች

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? በአጭሩ እንዲህ ነው።

አንደኛው፣ አብዛኛው የክርን ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከሐኪም ሐኪም እየዞሩ ገንዘብ ከመጨረስ ያድናል።

ሁለተኛው፣ ጅማቱን የሚያጠነክረው ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ ነው። ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ እጅን ከጠርዙ ማሳለፍ፣ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ መያዝ፣ በሌላው እጅ እየረዱ አንጓን ወደ ላይ ማንሣት፣ ከዚያ ሳይረዱ በጣም በዝግታ ማውረድ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር። ጥቂት ሕመም ቢሰማ አያስደነግጥም፤ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ክብደቱን መቀነስ ነው። የሚቻል ከሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ፊዚዮቴራፒስት ቢያሳያት መልካም ነው፤ ቀሪውን በቤቷ ትሠራዋለች።

ሦስተኛው፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ የሚታሰር ቀበቶ በሥራ ጊዜ ሕመሙን ለአንዳንዶች ያቀልላል። ፓራሲታሞልና የሚቀባ ማስታገሻም ይረዳሉ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ እንክብሎችን ግን የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ያለባት፣ የደም ግፊት ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሐኪም ሳታማክር መውሰድ የለባትም።

አራተኛው፣ መርፌ ከመወጋት በፊት “ከ6 ሳምንት በኋላ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ምን ይሆናል?” ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው። ከራስ ደም ተወስዶ የሚሰጠው ውድ መርፌም ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ በ2021 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘበትም። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሌላው ሁሉ ለብዙ ወራት ተሞክሮ ካልሠራ ብቻ ነው።

አምስተኛው፣ ክርን ያመመው ሁሉ የጅማት ሕመም የለበትም። ክርኑ ካበጠ፣ ከቀላና ትኩሳት ካለ፣ ከወደቁ በኋላ አልዘረጋ ካለ፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከደነዘዙ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭ በሥጋ ደዌም ስለሚጎዳ መደንዘዝ ሲኖር ቶሎ መመርመር እጅን ያድናል። የግራ ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላልና ለደቂቃም አይጠበቅም።

“አረፍ በይ” ሲባል

ከራማዚኒ ዘመን እስከ ዛሬ በሁሉም ማዘዣ ላይ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ ዕረፍት። ሐኪሙ ይህን ሲል ትክክል ነው። ነገር ግን ከፋርማሲ የማይገዛው መድኃኒት ይህ ብቻ ነው። የዕለት እንጀራ ሸጣ ልጆቿን የምታበላ ሴት ለስድስት ሳምንት ብታርፍ ደንበኞቿ ወደ ሌላ ይሄዳሉ፣ የእቁብ ጣሏ ይቋረጣል፣ የቤት ኪራይ ይደርሳል። ስለዚህ ፈጣኑን መርፌ የምትመርጠው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ መግዛት ስላልቻለች ነው።

ሕጉም ሙሉ በሙሉ አይደርስልንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ የሚመጣ በሽታን ያውቃል። ነገር ግን የሚመለከተው አሠሪ ያለውን ሠራተኛ ነው፤ በራሷ ምድጃ የምትጋግረው አሠሪዋ ራሷ ናት። በሰው ቤት የምታገለግለውም የሥራዋ ሁኔታ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ታልፋለች።

ስለዚህ ዕረፍትን በጋራ መግዛት ይኖርብናል። ለአባላት ውይይት የምናቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው። በአንድ አካባቢ ያለን አባላት ሥራ እንለዋወጥ፤ ክርኗ የታመመው ለጥቂት ሳምንት ሽያጩንና ሒሳቡን ትያዝ፣ ሌላዋ ታቡካ። ብድር የወሰደች አባል በሐኪም ወረቀት የሁለት ወር የመክፈያ ፋታ ታግኝ። እድር ለሞት እንደሚደርሰው ሁሉ ለሕመም የሚደርስ ትንሽ ሣጥን እንክፈት፤ ከእርሱም የፊዚዮቴራፒ ክፍያና የታክሲ ይሸፈን። ልብስ አጣቢዎቻችን በጋራ የሚጠቀሙበት የልብስ መጭመቂያ ይገዛ፤ ጨርቅ መጠምዘዝ ክርንን ከሚጎዱ ሥራዎች ዋነኛው ነውና።

ለደጋፊዎቻችንም የምንለው አለን። ለመድኃኒት መግዣ የምትሰጡን ገንዘብ ያስመሰግናችኋል። ከዚያ እኩል ግን ለአንዲት ሴት የጥቂት ሳምንት ጊዜ መግዛት ሕክምና መሆኑን እንድታዩልን እንወዳለን። የለንደኖቹ አራት ሴቶች ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው ሙያቸውና አንድነታቸው ነበር። እኛም ሁለቱም አሉን። በሚቀጥለው ስብሰባ አራቱን ሐሳቦች አንድ በአንድ አንሥተን እንወስናለን፤ ያልመጣች አባል ብትኖር ጎረቤቷ ትንገራት።